ሰንሰሉን ከመጨመቅሽ በፊት

እህቴ፣ ያቺን ወረቀት ደጋግመሽ ማጠፍሽን ተዪና ቁጭ በይ፤ እስቲ አብረን እናንብባት። «ኤችቢኤስኤጂ፦ ፖዘቲቭ» ትላለች፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ደምሽ ውስጥ አለ ማለቷ ነው። ለዐረብ አገር ጉዞ የጤና ምርመራ ሄደሽ በዚች አንዲት መስመር የተነሣ ቀረሽ። ደላላው ደግሞ አዘነልሽና የአንድ መድኃኒት አዋቂ ስልክ ሰጠሽ። የሰንሰል ቅጠል ወቅጠው በጠርሙስ የሚሰጡ ሰው ናቸው፣ በሁለት ወር ደም ያጸዳሉ፣ ስንቱ ልጅ በእሳቸው መድኃኒት ድኖ ሄዷል አለሽ። ለጉዞው የተበደርሽው ሳይከፈል ለጠርሙሱ ሌላ ብድር ልትፈልጊ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀውን ልንገርሽ።

ቅጠሉን ልነቅፍብሽ አይደለም። እኔና አንቺ ያደግነው በሰንሰል አጥር ውስጥ ነው። ጎጃምና ጎንደር ስሜዛ ይለዋል፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ዱሙጋ። ሰፈር ውስጥ የወፍ በሽታ የያዘው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲገኝ እናታችን ከአጥሩ ለጋ ለጋውን ቅጠል ትለቅማለች፣ በሙቀጫ ትወቅጣለች፣ ጥቂት ውኃ ጠብ ታደርግበትና በነጭ ጨርቅ ትጨምቀዋለች። የሚወርደው ወፍራም አረንጓዴ ጭማቂ ነው፤ ገና ከንፈር ሲነካ ፊት ያስጨፈግጋል። በሽተኛው ጠዋት በባዶ ሆዱ ይጠጣል፣ ማር ይልስበታል። ከሰነበተ በኋላ ዓይኑ ይነጣል፣ እህል ይቀምሳል፣ እናታችንም ትመረቃለች። ይህን እያየሽ አድገሽ ሰንሰልን ብታምኚ አይገርመኝም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ሰው ባይጠጣው ኖሮስ ምን ይሆን ነበር?

ቢጫነት ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ቀይ የደም ሴል አራት ወር ያህል ኖሮ ሲያረጅ ይፈርሳል። ከፍርስራሹ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል፤ ጉበት ያንን ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያወርደዋል። ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት መውረጃው ሲደፈን ቢጫው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ያኔ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት የወፈረ ሻይ ይመስላል፣ ሰገራ ደግሞ መልኩን ያጣል። እዚህ የሚያደርስ በሽታ ብዙ ነው። በተበከለ ውኃና ምግብ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኤ አለ፣ ሄፓታይተስ ኢ አለ፣ ቢና ሲ አሉ፣ አረቄ አለ፣ የሐሞት ጠጠር አለ፣ ካንሰርም አለ። የቢጫ ዓይን መድኃኒት ነው ተብሎ አንድ ቅጠል ሲሰጥ፣ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚያክም ሰጪው ራሱ አያውቅም።

አሁን ወደ እናታችን በሽተኞች ልመልስሽ። ከእነሱ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ፤ ልጆችን በብዛት የሚይዘው ደግሞ ሄፓታይተስ ኤ ነው። ኤ ሥር አይሰድም። ያንገላታል፣ ያስመልሳል፣ አቅም ያሳጣል፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወር ውስጥ ራሱ ለቆ ይሄዳል። ሐኪም ቤትም ቢሄዱ ዕረፍት፣ ፈሳሽና ምግብ እንጂ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት አይሰጥም። ሰንሰሉ የሚጠጣው በሽታው በጠናበት ሰሞን ስለሆነ፣ መዳኑ ከመጠጣቱ በኋላ ይመጣል። ምስጋናውንም ቅጠሉ ይወስደዋል።

ያንቺው ቢ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አዋቂ ሆኖ የያዘው ሰው ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ በራሱ አቅም ያስወግደዋል። በሕፃንነቱ የያዘው ግን ከመቶ ዘጠናው አብሮት ይኖራል። አብሮት ከቀረው ሰው መካከልም እንኳ በዓመት ከመቶ አንዱ ያህል፣ ምንም መድኃኒት ሳይወስድ፣ ኤችቢኤስኤጂው ይጠፋለታል። እንግዲህ አስቢው። እኚያ መድኃኒት አዋቂ ለብዙ መቶ ሰው ጠርሙስ ሰጥተው ከሆነ፣ ቅጠሉ አንዳች ነገር ባይሠራም ኔጋቲቭ ወረቀት ይዘው የሚመለሱ ሰዎች አይታጡም። ቴሌግራም ላይ «እኔ ምስክር ነኝ» የሚሉሽ እነዚያ ናቸው። አይዋሹም። የደረሰባቸውን ነው የሚናገሩት። ፖዘቲቭ እንደሆነ የቀረው ሰው ግን ቪዲዮ አይሠራም፣ ቢሠራም የሚለጥፍለት የለም።

ለዚህ ነው «ጠጥቶ ዳነ» የሚለው ብቻውን የማያሳምነኝ። የጠጣውን ካልጠጣው ጋር ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የሕንዱን ጉዳይ ላጫውትሽ፤ ከሰማሁት ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። በሕንድ ለቢጫ ዓይን ከጥንት ጀምሮ የሚሰጥ ፊላንተስ አማሩስ የሚባል ትንሽ ተክል አለ። ይህን ተክል ከቁም ነገር ቆጥረው ካጠኑት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ ናቸው። የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ ያገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1976ም የኖቤል ሽልማት የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሐምሌ 21 የሚውለው በልደታቸው ቀን ነው። እሳቸውና የማድራስ ሐኪሞች ተክሉን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በእንክብል አድርገው ቫይረሱ ላለባቸው ሰዎች ለ30 ቀን ሰጡ። ለሌሎች ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለው እንክብል ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1988 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ውጤቱ ወጣ። ተክሉን ከወሰዱት 37 ሰዎች ውስጥ 22ቱ ኤችቢኤስኤጂያቸው ጠፋ። ባዶውን ከወሰዱት 23 ሰዎች የጠፋለት አንድ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲሰማ ደስ የማይለው ማን አለ? በርካሽ የሚገኝ ቅጠል፣ ለዚያውም ድሀ አገር የሚበቅል። ሌሎችም ሊያረጋግጡት ተነሡ። ታይላንድ ውስጥ ሞከሩት፤ አልሠራም። ኒውዚላንድ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ የወሰደውና ያልወሰደው ልዩነት አልነበረውም። ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑት የኮክሬን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሁሉንም አገላብጠው አሳማኝ ማስረጃ አላገኘንም አሉ። እኔ እነዚህን ሰዎች እጅግ አከብራቸዋለሁ። ቫይረሱን ያገኘ ሳይንቲስት የመንደር ቅጠል ይዞ ለምርመራ ተቀመጠ፤ የመጀመሪያው ውጤት አስደሳች ሆኖ ሳለ ሌሎች ደግመው ፈተኑት፤ ሲወድቅም መውደቁ በግልጽ ተጻፈ። እንዲህ ያለውን ፈተና ያላለፈ መድኃኒት በጠርሙስ ሲሸጥልሽ ገንዘብሽን ብቻ አይደለም የምትከፍዪው፤ ጊዜሽንም ጭምር ነው።

«የእኛስ?» ትዪኝ ይሆናል። የእኛም ተጠንቷል፤ በጥሩ እጅ ተጠንቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የሰንሰልን ቅጠልና የአህያ ጆሮ የምንለውን ተክል ጉበት ላይ ምን እንደሚሠሩ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። ያደረጉት እንዲህ ነው። ቅጠሉን በአልኮልና በውኃ ዘፍዝፈው ውስጡ ያለውን አወጡ፣ አጥልለው አደረቁት፣ በሚሊግራም መዝነው ለአይጦች አስቀድመው ሰጡ። ከዚያ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል፣ ጉበትን እንደሚጎዳ የታወቀ ኬሚካል ሰጧቸው። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚሉ ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ የሰንሰሉን ንጥረ ነገር ቀድመው በወሰዱት አይጦች ላይ እነዚህ ዝቅ ብለው ተገኙ። ጉበታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር የተጎዳው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቶቻችን ያለ ነገር ሰንሰልን እንዳልመረጡ ያሳያል። ነገር ግን ምን እንደሚል በደንብ ስሚው። አይጧ ቅጠሉን የወሰደችው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ነው፤ አንቺ ግን አስቀድመሽ ተይዘሻል። የአይጧን ጉበት የጎዳው ኬሚካል ነው፤ ያንቺው ቫይረስ ነው፤ ያውም የጉበት ሴል አስኳል ድረስ ገብቶ የሚደበቅ ቫይረስ። ለአይጧ የተሰጠው በሚዛን የተለካ ነው፤ ያንቺ ጠርሙስ ውስጥ ምን ያህል ሰንሰል እንዳለ፣ ሌላ ምን እንደተጨመረበት፣ መቼ እንደተዘፈዘፈ የሚያውቁት እኚያ ሰው ብቻ ናቸው። ሰንሰል የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ ከሰው ደም አጠፋ የሚል፣ ከማይጠጡ ሰዎች ጋር ተነጻጽሮ የተገኘ ውጤት እስካሁን በእጃችን የለም። የአይጥ ጥናት ለቀጣዩ ምርምር በር ይከፍታል እንጂ ለሽያጭ ማስታወቂያ አይሆንም። «በዩኒቨርሲቲ የተረጋገጠ» የሚል ወረቀት ጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ ብታዪ፣ የተረጋገጠው በማን ላይ ነው ብለሽ ጠይቂ።

በነገራችን ላይ የአገራችን ተክል በወግ ሲጠና የት እንደሚደርስ ማየት ከፈለግሽ እንዶድን አስቢ። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ጥገኛ የሚያሳድጉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ከዚያች እይታ ተነሥተው ስንት ዓመት ለፉበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተቀበሉ። ለሰንሰልም እንዲህ ያለ ልጅ ይውጣለት እላለሁ፤ ከልቤ ነው። እስከዚያው ግን አንቺ የማንም መሞከሪያ አትሁኚ።

ከአሜሪካ የምትመጣው የአክስታችን ልጅ ደግሞ ሲሊማሪን ይዤልሽ ልምጣ ብላሻለች አሉ። ሲሊማሪን የአውሮፓ የባህል መድኃኒት ነው፤ ከአንድ የእሾህ ዘር የሚወጣ። ከእሱ የሚዘጋጅ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አውሮፓ ውስጥ በመርዘኛ እንጉዳይ ለተጎዱ ሰዎች ይሰጣል። የሚዋጠው ግን በጥንቃቄ ሲፈተን አላኮራም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸው 154 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከተለመደው ከፍ ባለ መጠን ለ24 ሳምንት የወሰዱት ባዶ እንክብል ከወሰዱት የተሻለ ነገር አልታየባቸውም። ውሰጂው ብትልሽ ብዙም አልፈራልሽም፤ ግን ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ ከተረፋት ለእናታችን ጫማ ታምጣ።

የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው። ቅጠል ጉበት ያድናል እንደሚባለው ሁሉ ጉበት ይገድላልም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሰዎች ሆድ እየተነፋ፣ ጉበታቸው እየከዳቸው ብዙ ቤተሰብ አለቀ። መርማሪዎች ደጋግመው ሄደው ሲፈትሹ ያገኙት፣ ከእህል ጋር የሚደባለቅ አጌራተም የሚባል አረም ውስጥ ያለ መርዝ ነው። የጉበትን ትንንሽ የደም ሥሮች የሚደፍን መርዝ ነው፤ በአንድ ቀን አይገድልም፣ ቀስ እያለ ነው። ሐረር ላይ የተደረገ ጥናትም ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። «ከተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ ከአፍሽ አልስማው። የዋጥሽውን ሁሉ የሚያጣራው ያው የታመመው ጉበትሽ ነው።

ደግሞ አንዳንድ አዋቂዎች ቅጠሉን ከመስጠት አልፈው በምላጭ ይበጣሉ። ለቢጫ ዓይን ክንድ ላይ የሚበጡ አሉ። ሄፓታይተስ ቢ በደም የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ካንቺ በፊት በማን ላይ ያረፈ ምላጭ እንደሆነ አታውቂም፣ ካንቺም በኋላ በማን ላይ እንደሚያርፍ አታውቂም። በምላጭ ነክተው እናክምሽ ካሉሽ ተነሥተሽ ውጪ።

አሁን ወደሚበጀው እንሂድ። የጉበት ቫይረስ ተገኘብሽ ማለት ሞት ተፈረደብሽ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ከ1,300 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ሲታዩ፣ በመጀመሪያው ጊዜ መድኃኒት የተጀመረላቸው 328ቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በክትትል ቆዩ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት የሚጀመርላቸውን ሰዎች ክልል አስፍቷል፤ ስለዚህ አንቺ ከየትኛው ወገን እንደሆንሽ የሚለየው ምርመራ ነው። ኤኤልቲሽ ስንት ነው? ፕላትሌትሽስ? ደምሽ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ስንት ነው? አልትራሳውንድ ምን ያሳያል? እነዚህን ጠይቂ፣ ወረቀቱንም አስቀምጪ። ስድስት ወር ቆይተሽ ኤችቢኤስኤጂውን ድገሚው፤ አዲስ የያዘሽ ከሆነ ሊጠፋ ይችላል።

መድኃኒት ያስፈልግሻል ከተባለ ቴኖፎቪር ነው የሚሰጥሽ፤ በቀን አንድ እንክብል። ይህ መድኃኒት ቫይረሱን አንቆ ይይዘዋል፣ ጉበት እንዳይጠጥርና ካንሰር እንዳይመጣ አደጋውን ይቀንሳል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኤችቢኤስኤጂን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋውም። ወረቀትሽ ፖዘቲቭ እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ የዐረብ አገሩም ጉዞ በዚሁ ሊቀር ይችላል። ይህን ስነግርሽ እያመመኝ ነው፤ ስንት ተስፋ እንዳሰርሽበት አውቃለሁ። ግን በዓለም ላይ ያለው ምርጥ መድኃኒት በዓመታት የማያደርገውን በሁለት ወር አደርጋለሁ ያለሽን ሰው በምን ታምኚዋለሽ? መድኃኒቱን ከጀመርሽ ደግሞ ማንም «የሐኪም ቤቱን አቁሚና የእኔን ጀምሪ» ቢልሽ እንዳትሰሚ። ቴኖፎቪር በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ ይነሣና ጉበትን በአንድ ጊዜ ሊያቃጥለው ይችላል።

ቤት ውስጥ ሰሃንሽን አትለዪ፣ ራስሽንም አታግልዪ። ቢ በጉርሻ፣ በመሳሳም፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት አይተላለፍም። በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ በወሊድ ነው፤ ስለዚህ ምላጭሽንና የጥርስ ብሩሽሽን ብቻሽን ያዢ። አረቄውንና ጠላውን ተዪው፤ ይህን ሳላለዝብ ነው የምልሽ። የሻገተ ኦቾሎኒና የሻገተ በርበሬ ቤትሽ አይግባ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ከቢ ጋር ሲገናኝ የጉበት ካንሰርን በጣም ያፋጥናል። ስታረግዢ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ለአዋላጇ ንገሪያት፤ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት ካገኘ፣ ካስፈለገም አንቺ በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ቴኖፎቪር ከወሰድሽ፣ ልጅሽ ከዚህ ነገር ነጻ ሆኖ ማደግ ይችላል። እኔ በዚህ በሽታ ላይ ከተሠራው ሥራ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ሰንሰሉን ካልጠጣሁ አይሆንልኝም ካልሽ እንኳ ከሐኪሙ አትደብቂው። ኤኤልቲሽ በድንገት ቢወጣ ምን እንደጠጣሽ የማያውቅ ሐኪም ጥፋቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ጊዜ ያልፋል። ለእርጉዝ ሴት ግን በፍጹም አትስጪ። በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት በሄፓታይተስ ኢ ከሚያዙት ሴቶች ከመቶ ከ20 እስከ 25 ያህሉ ሊሞቱ ይችላሉ፤ ዓይኗ ቢጫ የሆነ እርጉዝ ቅጠል እስኪወቀጥ አትጠብቅም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትግባ። ቢጫ የሆነ አራስ ሕፃንም እንደዚሁ ነው። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ ሕፃን ፀሐይ ይሙቅ ተብሎ ቤት የሚቀመጥ አይደለም። ደም ያስመለሰ፣ የተናገረውን የሚረሳ፣ ሆዱ ውኃ ይዞ የተነፋ ሰውም በዚያው ሰዓት ይወሰድ።

ሌላም አለ፤ ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ። ይህ ቫይረስ ከእናታችን በወሊድ መጥቶብሽ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ማንንም የሚያስወቅስ አይደለም፣ እሷም አታውቀውም። ከሆነ ግን እኔም፣ ወንድሞቻችንም ሊኖርብን ይችላል። በአገራችን ሕፃናት የሄፓታይተስ ቢን ክትባት በመደበኛነት ማግኘት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ እኛ ሁላችን ከዚያ በፊት ነው የተወለድነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አብሬሽ እመጣለሁ፤ እማዬንና ወንዶቹንም ይዘን እንሄዳለን። የሌለብን ሦስቱን ክትባት እንወስዳለን፣ ያለብን ክትትል እንጀምራለን። ለጠርሙሱ ልትበደሪ ያሰብሽውን ገንዘብ ለምርመራው አድርጊው።